ጉግል አልተቀየመሽም፣ ፋሲካ ገብቶ ነው

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአማርኛ የምግብ አሠራር የማሳይበት ዌብሳይት አለኝ። አብዛኛው የጾም ምግብ ነው። ድሮ ደስ እያለኝ ነበር የምጽፈው። ስታትስቲክሱን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሰላም የለኝም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የምከፍተው ጎብኚ የሚቆጥርልኝን ፕሮግራም፣ አናሊቲክሱን ነው። ሥራ ቦታም መጸዳጃ ቤት ገብቼ አያለሁ። ቁጥሩ ከወጣ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል። ከወረደ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። ባለቤቴ «ቤታችን ሦስተኛ ሰው ገብቷል» ይለኛል።

ሰሞኑን ደግሞ ባሰብኝ። ያለፉትን 28 ቀናት ከአምናው ጋር ሳስተያይ ጎብኚዬ በግማሽ ቀንሷል። ጉግልን ምን እንዳስቀየምኩት አላውቅም። የሚገቡትም ብዙዎቹ አንድ ገጽ አይተው ውልቅ ይላሉ። የሚያጽናኑኝ ቨርጂኒያ ውስጥ አሽበርን የሚባል ከተማ ያሉ ወገኖቼ ብቻ ናቸው፣ በየቀኑ ይገባሉ። አሁን አንድ ሰው 800 ዶላር ከከፈልኩት በ3 ወር ውስጥ ጉግል ላይ አንደኛ እንደሚያወጣኝ ቃል ገብቶልኛል። ልክፈለው? ወይስ ዘግቼው ልረፍ?

ሰላም ያጣሁት እህትዎ
ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ግርጌ ላይ የጻፍሽውን ቀን ልብ ብለሽዋል? ሚያዝያ 26 ይላል። ዘንድሮ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ነው። አገሩ ሥጋ መብላት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል ማለት ነው። አምና ግን ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር።

እስቲ ያንቺን 28 ቀናት አብረን እንቁጠራቸው። በፈረንጆቹ ከአፕሪል 6 እስከ ሜይ 3 ናቸው። አምና እነዚያ ቀናት አንድም ሳይቀር ጾም ነበሩ። ሕማማትም የገባው በዚያው መሃል ነው። ዘንድሮስ? የመጀመሪያዎቹ 14ቱ ጾም፣ የኋለኞቹ 14ቱ ፍስክ። ልክ ግማሽ በግማሽ። የጾም ምግብ የሚያስተምር ዌብሳይት በዚህ ጊዜ ጎብኚው በግማሽ ቢቀንስ ጉግል ምን አደረገ? ሰዉ ዶሮ እየበላ ነው እኮ! በዚያ ላይ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በሳምንት ሁለቴ ብቅ ትል የነበረችው ጭማሪም የለችም።

አናሊቲክሱ ይህን አይነግርሽም። የሚያውቀው የፈረንጆቹን ካላንደር እንጂ ባሕረ ሐሳብን አይደለም። «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ ጋር» ሲልሽ የዐቢይ ጾምን ሳምንታት ከፋሲካ ማግስት ጋር እያወዳደረ ነው። ስለዚህ ያንን ቁልፍ እርሺውና ቀኑን ራስሽ አስገቢ። ዐቢይ ጾም በ2016 የገባው መጋቢት 2 ነው፣ በ2017 ደግሞ የካቲት 17። በፈረንጆቹ የአምናው ከማርች 11 እስከ ሜይ 4 ቀን 2024፣ የዘንድሮው ከፌብሩዋሪ 24 እስከ ኤፕሪል 19 ቀን 2025 ይሆናል። ሁለቱም 55 ቀናት ናቸው። እነሱን አስተያዪ። የሳምቡሳና የሾርባ ገጾችሽንም እንዲሁ በረመዳን ለኪያቸው፣ እሱም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ። ዌብሳይትሽ ጉግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይሽ የጉግል ሰርች ኮንሶል የሚያስቀምጥልሽ የ16 ወር መረጃ ብቻ ነው። የአምናው ጾም መረጃ ከሐምሌ ጀምሮ ከጫፉ እየተቆረጠ መጥፋት ይጀምራል። ዛሬ ማታ አውርጂውና ኮምፒውተርሽ ላይ አስቀምጪው። የሚቀጥለው ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን 2018 ነው የሚገባው። ያኔ የምታስተያዪው ነገር በእጅሽ ይኖራል።

ጾምን ከጾም ጋር አስተያይተሽም ቁጥሩ ወርዶ ካገኘሽው፣ ያኔ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይቻላል። ጉግል በዓመት ጥቂት ጊዜ የፍለጋውን አሠራር በሰፊው ይቀይራል፣ መቀየሩንም ያስታውቃል። በዚህ ዓመት አንዱ የተካሄደው ከማርች 13 እስከ 27 ነበር፣ በእኛ ከመጋቢት 4 እስከ 18። በትክክል ጾሙ መሃል ላይ። የወረደው ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከሆነ ሊያያዝ ይችላል። የጣስሽው ሕግ ከሌለ ግን እሱም ቢሆን ቅጣት አይደለም። ሚሊዮን ገጾች ቦታ ሲለዋወጡ ያንቺም ከመካከላቸው ተነካ ማለት ነው። «አስቀየምኩት» የሚለውን ቃል ተዪው። አያውቅሽም።

የጠዋቱ ነገር ደግሞ አሳዝኖኛል። አናሊቲክሱ የአንድን ቀን ቁጥር አጣርቶ እስኪጨርስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። አንቺ ከአልጋ ሳትወርጂ የምታዪው የዛሬ ቁጥር ገና ያልሞላ ነው። የትናንቱም ሙሉ ላይሆን ይችላል። ምጣዱን በየደቂቃው እየከፈተ ዓይን አላወጣም ብሎ እንጀራውን የሚረግም ሰው አጋጥሞሽ ቢሆን ምን ትዪዋለሽ? ልጆችሽ ላይ የጮኽሽው ባልበሰለ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ አሽበርን። ደስታሽን ስለምቀንስብሽ አዝናለሁ። አሽበርን በዓለም ላይ የኮምፒውተር ማዕከላት በብዛት ከተከማቹባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም። መስኮት የሌላቸው ትልልቅ ሕንጻዎች ተደርድረውበታል፣ ውስጣቸው የሞላው ሰርቨር ነው። ከዚያ በየቀኑ የሚገቡልሽ ወገኖችሽ አብዛኞቹ ሮቦቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ገጽ እየከፈቱ የሚለቅሙ፣ የሚቀዱ፣ ዌብሳይትሽ ይሠራል አይሠራም የሚሉ ፕሮግራሞች ናቸው። አናሊቲክሱ የሚታወቁትን ሮቦቶች ከቁጥሩ ያወጣል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ሰሜን ቨርጂኒያ ሐበሻ የሞላበት አገር ነውና አንዳንዱ እውነተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው። ከተማዎቹን ዘርዝሪና አጠገባቸው ያለውን የቆይታ ጊዜ እዪ። ዜሮ ሴኮንድ የሚል ከሆነ ሽሮ የሚሠራ ሰው አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ የማይቆጠሩልሽ ወይም የተሳሳተ ቦታ የሚቆጠሩልሽ ሰዎች አሉ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእነሱ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ሆና ዳታ ለመቆጠብ በኦፔራ ሚኒ የምትከፍትሽ ልጅ ገጽሽን የምታገኘው በኦፔራ ሰርቨሮች በኩል ዞሮ ነው። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገድበው በነበሩ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ቪፒኤን ጭኖ ነበር። ቪፒኤን እንደበራ የገባ አንባቢ የሚመዘገበው ሰርቨሩ ባለበት አገር ነው። የጎጃሙ ሰው ሆላንዳዊ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ማስታወቂያ የሚያግድ ፕሮግራም የጫኑት ብዙዎቹ ጭራሽ አይታዩም። ቴሌግራም ላይ ሊንክሽን አግኝታ የገባች የቤይሩት ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ቀጥታ የገባ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ትጨመራለች፣ ከየት እንደመጣች አይታወቅም። ቻናል ካለሽ የምትለጥፊው ሊንክ ላይ መለያ ጨምሪበት፣ ያኔ ለብቻቸው ይቆጠሩልሻል።

አንቺም ራስሽ ተቆጥረሻል። ዌብሳይትሽን በቀን ስንቴ ነው ገብተሽ የምታዪው? ራስሽን ከቁጥሩ የምታስወጪበት ቦታ አናሊቲክሱ ማስተካከያ ውስጥ አለ።

አንድ ገጽ አይተው ይወጣሉ ያልሽው ደግሞ እኔን አሳቀኝ። ሰውየው ምን እንዲያደርግልሽ ነበር የፈለግሽው? የምስር ወጥ አሠራር ፈለገ፣ ጉግል ወደ አንቺ ላከው፣ አነበበ፣ ወጥ ሊሠራ ሄደ። ጉዳዩ አልቋል። ይህ ሱቅ ቢሆን ኖሮ እሺ፣ አንድ ዕቃ ሳይገዛ ወጣ ብለሽ ታዝኛለሽ። የምግብ አሠራር ግን አንድ ገጽ ነው። በአሁኑ አናሊቲክስ አሠራር ከ10 ሴኮንድ በላይ የቆየ ሰው አንድ ገጽ ብቻ ቢያይም «ዝም ብሎ ወጣ» ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ መመልከት ያለብሽ ከ10 ሴኮንድ በታች የሚወጡትን ነው። የቆይታ ጊዜውም ቢሆን አያታልልሽ። የሚቆጠረው ገጹ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ሲታይ ብቻ ነው። እጇ ሊጥ የነካች ሴት ስልኳን ምድጃው አጠገብ አቁማ ስክሪኑ ከጠፋባት ቆጠራውም ቆመ። ሰዓት ሙሉ ስታበስል ውላ ለአንቺ የሚደርስሽ አንድ ደቂቃ ነው።

ሰርች ኮንሶል ላይ ስላለው «አማካይ ቦታ» ስለሚባለውም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ያሳብዳል። አማካይ ነው። ትናንት በ20 ዓይነት ፍለጋ 5ኛ ሆነሽ ትወጪ ነበር እንበል። ዛሬ በሌላ 100 ዓይነት ፍለጋ አዲስ ገባሽ፣ ቦታሽ ግን 60ኛ ገደማ ነው። አማካዩ ይዘቅጣል። አንድም ሰው ግን አላጣሽም፣ እንዲያውም ሰፋሽ። ይህን ቁጥር ለአንድ ገጽና ለአንድ ዓይነት ፍለጋ ለይተሽ ካላየሽው አትክፈቺው።

ገንዘቡን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፣ አትክፈዪ። ጉግል ራሱ አንደኛ እንደሚያወጣ ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው የለም ብሎ ጽፏል። በክፍያ ከላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ብቻ ነው፣ እሱም ማስታወቂያ መሆኑ ይጻፍበታል። ሰውየውን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። «ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ነው አንደኛ የምወጣው?» በዌብሳይትሽ ስም ከሆነ አሁንም አንደኛ ነሽ። ማንም በማይፈልገው ረጅም ዓረፍተ ነገር ከሆነም ቃሉን ይጠብቃል፣ አንቺ ግን አንድም ሰው አታገኚም። «የጾም ምግብ» በሚል ነው ካለሽ ደግሞ እንዴት እንደሚያደርገው ይንገርሽ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከየቦታው ሊንክ ገዝቶ ወደ አንቺ ማስጠቆም ነው። እሱ ደግሞ የሚያስቀጣው ነገር ነው። ጄሲ ፔኒ የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የመደብር ኩባንያ በ2011 በዚሁ ጉዳይ ተይዞ ከአንደኛነት ተሽቀንጥሮ ወርዷል። ከዚያ በፊት በ2006 ደግሞ ቢኤምደብሊው እንኳ ለፍለጋው ብቻ የተሠሩ የማታለያ ገጾች ተገኝተውበት የጀርመኑ ዌብሳይቱ ከጉግል ተሰርዞ ነበር። እነሱ ጠበቃም ገንዘብም ስላላቸው ተመልሰዋል። አንቺ ማንን ትልኪያለሽ?

ዌብሳይትሽን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። መጠኑን በሲኒና በማንኪያ መጻፍሽን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ሁለት ነገር አስቀይሞኛል።

አንደኛው ፎቶዎችሽ ናቸው። ስልክሽ እንዳነሳቸው ነው የጫንሻቸው። አንዱ ፎቶ ብቻ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ዳታ የሚገዛው በሜጋባይት እኮ ነው። ጉግል ጥሩ የሚለው የገጹ ዋና ነገር በ2 ሴኮንድ ተኩል ውስጥ ሲታይ ነው፣ ያንቺ ድስት ተከፍቶ እስኪታይ ሻይ ይፈላል። ከ10 ሴኮንድ በታች የወጡትን ሰዎች አስታወስሽ? ምናልባት ያላነበቡት ስላልተከፈተላቸው ይሆናል። አሳንሺያቸው። 800 ዶላር አይፈጅም፣ ነጻ ነው። ባለቤትሽን «ሦስተኛው ሰው» ላይ ከማጉረምረም ፎቶ አሳንስ በዪው።

ሁለተኛው የዲቪ ሎተሪ ጽሑፍሽ ነው። ከሽምብራ አሳ ቀጥሎ ዲቪ እንዴት እንደሚሞላ! ለምን እንደጻፍሽው ገብቶኛል፣ ሰው ብዙ ይፈልገዋል። ግን ስለ ዲቪ አታውቂም። የፎቶው መጠን ወይም ቀኑ ላይ አንድ ነገር ብትሳሳቺ አንድ ሰው ዕድሉን ያበላሻል። ዛሬውኑ አውርጂው። ያ ጽሑፍ ያመጣልሽ ቁጥር ካለም ያንቺ አንባቢ አይደለም፣ ሽሮ ሊሠራ አይመለስም።

ከዚህ ይልቅ ሰርች ኮንሶል ውስጥ ሰዎች ምን ብለው እየጻፉ እንደሚያገኙሽ የሚያሳየውን ዝርዝር ክፈቺ። እኔ ቁጥር ማየት የምወደው እዚህ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ቃላት አሉበት። አንቺ ሁሉም ቦታ «ጾም» ብለሽ በጸሎቱ ጸ ነው የጻፍሽው። ብዙ ሰው ደግሞ በፀሐዩ ፀ «ፆም» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስለሌለው በላቲን ፊደል እንደመጣለት ይጽፈዋል። ሦስቱንም ለየብቻ ፈልጊና ብዙ ጊዜ ታይተሽ ማንም ያልነካሽ የቱ ጋ እንደሆነ እዪ። ለርዕስሽ የመረጥሽውን ፊደል አትቀይሪ፣ ጽሑፉ መሃል ግን ሌላውን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ብታስገቢ ነውር የለውም። አንድ ጊዜ ብያለሁ። እየደጋገምሽ ከደረደርሽው ቀሲስ ይቅሩና አንባቢም ይስቅብሻል። ዝርዝሩ ውስጥ ያልጻፍሽውን ምግብ የሚፈልግ ሰውም ታገኛለሽ። «ያለ ዘይት የጾም ወጥ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት እናት ሊኖረው ይችላል። የሚቀጥለውን ጽሑፍሽን ለእሱ ጻፊለት።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ሕጻናቱ ሳይቀሩ የሚጾሙት ስለሆነ ለልጆች የሚሆን የጾም ምሳ አሁን ግንቦት ላይ ብትጽፊ ጉግል አግኝቶ እስኪያሳየው ጊዜ ይኖረዋል። በዋዜማው የተጻፈ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሰው ከጾሙ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለ ጠዋቱ ሱስ ምክሬ ይህ ነው። አፑን ከስልክሽ ላይ አጥፊ። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ቡናሽን ይዘሽ፣ በኮምፒውተር ክፈቺው። ከመክፈትሽ በፊት ግን ምን ልታውቂ እንደፈለግሽ ወረቀት ላይ ጻፊ። «ከዲያስፖራው ይልቅ አዲስ አበባ የሚነበበው የትኛው ገጽ ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «ፎቶ ካሳነስኩ በኋላ ቶሎ የሚወጣው ሰው ቀነሰ?» ይህም ጥሩ ነው። «እንዴት ነኝ?» ግን ጥያቄ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የምትጽፊው ካጣሽ የዚያን ወር አትክፈቺው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅሽ ራሱ ወደ ስልክሽ ይሄዳል፣ ያልፋል።

መዝጋት ስላልሽው፣ አሁን አትወስኚ። ቁጥሩን ሳታዪ እስከ ፍልሰታ ጻፊ። ያኔም መጻፉ ካስጠላሽ ዝጊው፣ ማንም አይፈርድብሽም። ለቁጥሩ ስትይ ብቻ የምትጽፊ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቀድሞውንም የሚዘጋ ነገር ነበር።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በእስክሪብቶ ያከልሻት አንዲት መስመር አለች። «በወር 9 ሰው ብቻ የሚያየውን የአያቴን ስልጆ ልሰርዘው?» ትላለች። አትሰርዢው። አንዳንዱ ገጽ ባይነበብ ሌላውን ይጎትተዋል ብለው የሚያስፈራሩሽ ሰዎች የሚያወሩት በማሽን ስለተመረቱ ሺህ ገጾች ነው፣ ስለ አንድ ስልጆ አይደለም። አነበብኩት። የባቄላውን ዱቄትና የሱፉን መጠን በደንብ አስቀምጠሻል። ሰናፍጩ ገንፎው ሲቀዘቅዝ እንደሚገባም ጽፈሻል። ስንት ቀን እንደሚቦካ ግን የለም። የአያትሽ አገር ሙቀትና የሲልቨር ስፕሪንግ ኩሽና አንድ አይደሉምና አንቺ ቤት ስንት ቀን እንደፈጀ ጨምሪበት።